ፎቁን ሳይሆን ቀኑን ምረጡ፦ ስለ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ መመልከቻ

ዱባይ ሄዶ ቡርጅ ካሊፋ የተባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ መመልከቻ ላይ መውጣት የፈለገ ሰው ትኬት ሲቆርጥ አንድ ምርጫ ይቀርብለታል። 124ኛ ፎቅ ወይስ 148ኛ? የመጀመሪያው ከመሬት 452 ሜትር ከፍ ይላል፤ ሁለተኛው 555 ሜትር። የላይኛው ትኬት ከታችኛው በእጅጉ ይወደዳል። ብዙ ሰው ግን “እዚህ ድረስ መጥቼ ታችኛው ላይ ልቅር?” ይልና ውዱን ይቆርጣል።

ስሜቱ ይገባኛል። ከፍ ባልን ቁጥር ብዙ የምናይ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይሄድም። ከመመልከቻ ፎቅ ላይ ምን ያህል እንደምታዩ በዋናነት የሚወስነው ቁመቱ ሳይሆን የዚያ ቀን አየር ነው። ይህን ያወቀ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያተርፋል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ለወራት ስመኘው የነበረ ሕንጻ ነበር። ወረፋ ጠብቄ፣ ፍተሻ አልፌ አሳንሰር ውስጥ ገባሁ። በሩ ሲከፈት በአራቱም በኩል ያለው መስታወት ነጭ ነው። ደመና ውስጥ ነበርን። ከተማዋ የለችም። አጠገቤ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ “ቆይ፣ አሁን ይገልጣል” እያለች ታባብለው ነበር። አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ አልገለጠም። ትኬት የሸጠልን ሰው ከላይ ምንም እንደማይታይ አልነገረንም። ከሕንጻው ወጥቼ አንገቴን ቀና ሳደርግ ጫፉ አይታይም። ከመግባቴ በፊት ቀና ብዬ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ አውቀው ነበር። መንገድ ላይ ቆማችሁ ጫፉን ማየት ካልቻላችሁ፣ ጫፉ ላይ ቆማችሁም መንገዱን አታዩም።

ዓይን እስከ የት ይደርሳል?

መሬት ክብ ስለሆነች ዕይታችን የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው መሬት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይሰወርብናል። ያ መስመር አድማስ ነው። ከፍ ስንል አድማሱ ይሸሻል። ምን ያህል እንደሚሸሽ ማስላት ቀላል ነው። ከፍታችሁን በሜትር ያዙ። ስኩዌር ሩቱን አውጡ። በ3.57 አባዙት። የሚመጣው ቁጥር እስከ አድማሱ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ነው። አየሩ ብርሃንን ትንሽ ስለሚያጎብጠው በተግባር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይጨመሩበታል፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ይህ ስሌት ይበቃል።

እንሞክረው። ዓይኑ ከመሬት 1.7 ሜትር ከፍ ያለ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያየው 4.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 100 ሜትር ሲወጣ 36 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። 400 ሜትር ሲወጣ 71። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከፍታው አራት እጥፍ ሆነ፤ ዕይታው ግን ያደገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ለጋሶች ናቸው። የኋለኞቹ ይሰስታሉ።

አሁን ወደ ቡርጅ ካሊፋ እንመለስ። ከ452 ሜትር ላይ አድማሱ 76 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከ555 ሜትር ላይ 84። 24 ፎቅ ጨምራችሁ ወጥታችሁ ያተረፋችሁት 8 ኪሎ ሜትር ነው። እሱም ያን ያህል ርቀት የሚያሳልፍ አየር ካለ ነው። በረሃው አቧራ ያነሳ ቀን፣ ወይም የባሕሩ እርጥበት ከተማዋን የሸፈነ ቀን፣ 124ኛም ቆማችሁ 148ኛ የምታዩት ያው ነው።

148ኛው ፎቅ ምንም አይረባም እያልኩ አይደለም። ሰው አይበዛበትም። ተረጋግቶ ለመቀመጥ ይመቻል። ለዚያ መክፈል የፈለገ ይክፈል። ሩቅ ለማየት ብሎ ግን አይክፈል።

በጣም ከፍ ማለት የራሱ ጉዳትም አለው። ከተማዋ ካርታ ትሆናለች። መኪናው ነጥብ ይሆናል፤ ሰው ጨርሶ ይጠፋል። 250 ወይም 300 ሜትር ላይ ሆናችሁ ግን የመንገዱን ግርግር፣ የጣሪያዎቹን ዓይነት፣ ወንዙ ላይ የሚሄደውን ጀልባ ታያላችሁ። ኒው ዮርክ ውስጥ ብዙ ሰው ከኢምፓየር ስቴት ሕንጻ ይልቅ ሮክፌለር ሴንተር ላይ ያለውን “ቶፕ ኦቭ ዘ ሮክ” የተባለ መመልከቻ የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢምፓየር ስቴት 86ኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰገነት 320 ሜትር ነው። ሮክፌለር 260 ሜትር ገደማ። ዝቅ ይላል። ግን ከእሱ ላይ ኢምፓየር ስቴት ፊት ለፊት ይታያል። ኢምፓየር ስቴት ላይ የወጣ ሰው ከኒው ዮርክ ሕንጻዎች ሁሉ የማያየው አንድ ሕንጻ ቢኖር የቆመበትን ነው። ሌላ ከተማም ስትሄዱ ይህን አስቡ። ልታዩት የምትፈልጉት ዝነኛ ሕንጻ የትኛው ነው? እንግዲያው ሌላኛው ላይ ውጡ።

አየሩን ማንበብ

ፍጹም ንጹህ በሆነ አየር ውስጥ እንኳ ዕይታ ገደብ አለው። አየር ራሱ ብርሃንን ይበትናል፤ ሰማዩ ሰማያዊ የሚመስለን፣ ሩቅ ያለ ተራራም ሰማያዊ የሚሆንብን በዚህ ምክንያት ነው። ያም ሆኖ ንጹህ አየር ወደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳያል። ይህ ከማንኛውም ሕንጻ አድማስ ይበልጣል። ስለዚህ ዓይናችንን የሚጋርደው አየሩ ሳይሆን አየሩ ላይ የተንሳፈፈው ነገር ነው። ጭስ፣ አቧራ፣ የውኃ ጠብታ። እነዚህ በበዙበት ትልቅ ከተማ ዕይታው 10 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይሆናል። አድማሱ 76 ሆነ 84፣ በዚያ ቀን ምንም ለውጥ የለውም።

እርጥበት በተለይ ተንኮለኛ ነው። አየር ላይ ያሉት ጥቃቅን ብናኞች ውኃ ይመጥጣሉ። ሲመጥጡ ያብጣሉ። ሲያብጡ ደግሞ ብርሃንን የበለጠ ይበትናሉ። የጭሱ መጠን ሳይጨምር ከተማዋ የታፈነች የምትመስለው በዚህ ነው። ስለዚህ የአየር ትንበያ ስታዩ “ፀሐያማ” የሚለውን ብቻ አትመኑ። ፀሐያማ ሆኖ ወበቅ ያለበት ቀን ለመመልከቻ መጥፎ ቀን ነው። የእርጥበት መቶኛውን እዩ። “የዕይታ ርቀት” የሚል ቁጥር ካለማ እሱን እዩ፤ ለእናንተ የተጻፈ ቁጥር ነው።

ምርጡ ቀን ዝናብ ጥሎ ያባራ ማግስት ነው። ዝናቡ ብናኙን ያጥባል። ከኋላው ቀዝቃዛና ደረቅ ነፋስ ከገባ ደግሞ አየሩ እንደ ተወለወለ መስታወት ይሆናል። መጥፎው ነፋስ የሌለበት ቀዝቃዛ ጠዋት ነው። መሬቱ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ያለውንም አየር ያቀዘቅዘዋል። ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይቀመጥበታል። የከተማዋ ጭስ መውጫ ያጣና ከክዳኑ ሥር ይታጎራል። እንዲህ ባለው ቀን ፀሐይዋ መሬቱን አሙቃ ክዳኑ እስኪከፈት መጠበቅ ይሻላል።

አንድ መልካም ልዩነት አለ። ጉሙ ዝቅ ያለ ከሆነ መመልከቻው ከጉሙ በላይ ይወጣል። ያኔ የሌሎቹ ሕንጻዎች ጫፍ ከነጭ ባሕር ላይ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል። ይህን ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። ታቅዶ የሚገኝ ግን አይደለም።

ፀሐይዋ የት እንዳለችም አስቡ። ወደ ፀሐይ ፊታችሁን ስታዞሩ ብናኙ ሁሉ ያበራል፤ ከበስተጀርባው ያለው ይደበዝዛል። ፀሐይን ከጀርባችሁ ስታደርጉ ግን ሩቁ ጥርት ይላል። ስለዚህ ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ያለው ጎን ነው የሚያምረው። ባሕሩ ወይም ተራራው በየት በኩል እንደሆነ ካርታ ላይ አይታችሁ ሰዓታችሁን በዚያ ምረጡ።

ጀምበሯን ሁለቴ ማየት

ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ትኬት በብዙ ቦታ ይወደዳል። ምክንያት አለው። ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ የወጣ ሰው ከተማዋን በቀን ያያታል፣ ጀምበሯን ይሸኛል፣ ከዚያ መብራቶቹ አንድ በአንድ ሲበሩ ያያል። ሦስት ከተማ በአንድ ትኬት ማለት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው ለፎቁ ሳይሆን ለዚህ ሰዓት ነው።

ግን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ብዙ መመልከቻዎች የመግቢያ ሰዓት እንጂ የመውጫ ሰዓት አይወስኑም። ዋጋው ከፍ ከማለቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ገብታችሁ መቆየት የምትችሉ ከሆነ ያንኑ ጀምበር በርካሹ ታያላችሁ።

ከፍታ ከጊዜ ጋር ያለው ነገር ግን ከዋጋ በላይ ይደንቃል። ከላይ ሆናችሁ አድማሱን የምታዩት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። አድማሱ ዝቅ ካለ ፀሐይዋ እሱ ጋ ለመድረስ ትንሽ ይቀራታል። ስለዚህ ላይ ላለው ሰው ዘግይታ ትጠልቃለች። 450 ሜትር ላይ ልዩነቱ ዱባይ ውስጥ 3 ደቂቃ ይሆናል። አሳንሰሩ ግን እላይ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ታች ሆኖ ጀምበሯ ስትጠልቅ ያየ ሰው፣ አሳንሰሩ በር ከፍቶ ከጠበቀው፣ ላይ ደርሶ እንደገና ሊያያት ይችላል።

ይህ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የዱባይ የሃይማኖት ባለሥልጣናት በረመዳን ወር ቡርጅ ካሊፋ ውስጥ ለሚኖሩ ጿሚዎች መመሪያ ሰጥተዋል። ከ80ኛ ፎቅ በላይ ያሉት ለማፍጠር 2 ደቂቃ ጨምረው ይጠብቁ። ከ150ኛ በላይ ያሉት 3 ደቂቃ። ለእነሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችምና።

ከዚህም የረቀቀ አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች ቶኪዮ ስካይትሪ በተባለው 634 ሜትር ማማ ላይ እጅግ ትክክለኛ ሰዓቶችን ተክለው ነበር፤ አንዱን ከታች፣ ሌላውን 450 ሜትር ላይ ባለው መመልከቻ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። የላይኛው ሰዓት በቀን በ4.26 ናኖ ሰከንድ ይቀድማል። ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም። የመሬት ስበት በደከመበት ቦታ ጊዜ ራሱ ፈጠን ይላል፤ አንስታይን ያለው ይህንኑ ነበር። ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ናት፤ ማንም አይሰማውም። እኔ ግን መመልከቻ ላይ በቆምኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የአሳንሰሩ ነው

ለምን በሰዓት የተከፋፈለ ትኬት? ብዙዎች ላይ ያለው ቦታ ስለሚጠብ ይመስላቸዋል። ዋናው ማነቆ ግን አሳንሰሩ ነው። ጥቂት አሳንሰሮች በሰዓት ማመላለስ የሚችሉት የተወሰነ ሰው ነው። የእናንተ ትኬት በእውነቱ የአሳንሰር ወንበር ነው። ለዚህም ነው ለመውረድም ወረፋ የሚኖረው። ጀምበሯ እንደጠለቀች ሁሉም ሰው አንድ ላይ ሊወርድ ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ብትወርዱ ወረፋው ይቀልላችኋል፤ መብራቱም ያን ጊዜ ነው የሚያምረው።

ከገንዘቡ ጀርባ ያለውንም ማወቅ ጥሩ ነው። ኢምፓየር ስቴት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ነው። ቢሮ የሚከራይ ጠፋ። ሰዉ ሕንጻውን “ባዶው ሕንጻ” እያለ ይቀልድበት ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት መመልከቻው ብቻ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ፤ ከጠቅላላው ኪራይ ጋር የሚስተካከል ገንዘብ ነው። ዛሬም ከጎብኚዎች በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል። መመልከቻ ፎቅ ለከተማዋ ሰው የተሰጠ ስጦታ አይደለም። የሕንጻው አንዱ እንጀራ ነው። ይህን ካወቃችሁ የፎቶ ሻጩ ለምን መንገዳችሁ ላይ እንደቆመ፣ መውጫው ለምን በመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ በኩል እንደሆነ ይገባችኋል። ፎቶውን አልፈልግም ማለት ትችላላችሁ።

አሳንሰሩ ራሱ ድንቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ኤሊሻ ኦቲስ የሚባል ሰው ኒው ዮርክ ውስጥ ሕዝብ ፊት አሳንሰር ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆረጠ። አሳንሰሩ ጥቂት ወርዶ ቀጥ አለ። ገመዱ ሲላላ ወደ ጎን ተወርውሮ ሐዲዱን የሚይዝ ማቆሚያ ሠርቶለት ነበር። ያ ፍሬን ባይኖር ሰማይ ጠቀስ የሚባል ነገር ባልኖረ። ማን ደፍሮ ይወጣ ነበር?

የዛሬው ችግር ሌላ ነው። የብረት ገመድ ረዘም ሲል የራሱ ክብደት ይከብደዋል። ወደ 500 ሜትር ሲደርስ አብዛኛው ጉልበት የሚሄደው ሰውን ለመሸከም ሳይሆን ገመዱን ለመሸከም ነው። ለዚህ ነው በአንዳንድ ሕንጻ መሐል ላይ ወርዳችሁ ሌላ አሳንሰር የምትቀይሩት። እ.ኤ.አ. በ2013 የፊንላንዱ ኮኔ ኩባንያ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ቀላል ገመድ አወጣ፤ እስከ 1000 ሜትር ይሄዳል ተብሎለታል።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ የሻንጋይ ታወር አሳንሰር በሰከንድ 20.5 ሜትር ይወጣል። በሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ። ታይዋን ውስጥ ያለው ታይፔ 101 የተባለው ሕንጻ አሳንሰር ደግሞ ከ5ኛ ወደ 89ኛ ፎቅ በ37 ሰከንድ ይደርሳል። ሰውነታችን ግን ፍጥነትን አይሰማም፤ የሚሰማው የፍጥነት ለውጥን ነው። ስለዚህ ሲነሳና ሲቆም ብቻ ሆዳችሁ ትንሽ ይንሳፈፋል። መሐል ላይ የቆማችሁ ይመስላችኋል። የሚነግራችሁ ጆሯችሁ ብቻ ነው። ወደ ጆሮው መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ሕንጻው ይወዛወዛል፤ መወዛወዝም አለበት

ነፋስ በበዛበት ቀን ላይ ቆማችሁ “ተንቀሳቀሰ እንዴ?” ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ አዎ ነው። ረጅም ሕንጻ እንደ ሸምበቆ ነው። ካልተወዛወዘ ይሰበራል። መሐንዲሶች በብዛት የሚሠሩበት ልክ የሕንጻው ቁመት ለ500 ተካፍሎ የሚመጣው ነው። 400 ሜትር የሆነ ሕንጻ በኃይለኛ ነፋስ ጫፉ 80 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቢሄድ ከልኩ አልወጣም። በሰላሙ ቀን ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

መሐንዲሶቹን የሚያሳስባቸው የነፋሱ ግፊት ብቻ አይደለም። ምቱ ነው። ነፋስ ሕንጻውን ዞሮ ሲያልፍ ከጀርባው አዙሪት ይፈጥራል። አንዱ አዙሪት ከግራ ይላቀቃል፣ ቀጥሎ ከቀኝ፣ ደግሞ ከግራ። በእያንዳንዱ ጊዜ ሕንጻውን ወደ ጎን ጎተት ያደርገዋል። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ አስቡ። በትክክለኛው ሰዓት ቀስ ብላችሁ ብትገፉት እንኳ እየጨመረ ይሄዳል። የነፋሱ ምት ከሕንጻው የራሱ የመወዛወዝ ምት ጋር ከገጠመ የሚሆነው ይኸው ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምቱን ማፍረስ። ቡርጅ ካሊፋ ወደ ላይ ሲወጣ ቅርጹ እየተቀየረ፣ እየቀጠነ የሚሄደው ለውበት ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ከፍታ ነፋሱ የሚያገኘው ሌላ ቅርጽ ነው፤ አዙሪቶቹ አንድ ላይ ማበር አይችሉም። የሕንጻው መሐንዲስ ቢል ቤከር ይህን የሚገልጸው ነፋሱን ማደናገር እያለ ነው። ሻንጋይ ታወር ደግሞ ከታች እስከ ላይ 120 ዲግሪ ተጠምዝዟል። በዚህ ብቻ የነፋሱ ጫና በ24 በመቶ ቀንሷል።

ሁለተኛው መንገድ ታይፔ 101 ውስጥ በዓይን ይታያል። ከ92ኛ እስከ 87ኛ ፎቅ ድረስ 660 ቶን የሚመዝን የብረት ኳስ በወፍራም ገመዶች ተንጠልጥሏል። ስፋቱ 5.5 ሜትር ነው፤ 41 ወፋፍራም የብረት ሳህኖች ተደራርበው ተበይደው የተሠራ። ሕንጻው ወደ ግራ ሲሄድ ኳሱ ይዘገያል፣ ወደ ቀኝ ይጎትተዋል። ከሥሩ ያሉት ዘይት የያዙ ፒስተኖች ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይቀይሩታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 ሱዴሎር የተባለው ታይፎን (ኃይለኛ የባሕር አውሎ ነፋስ) ሲመታው ኳሱ አንድ ሜትር ያህል ተወዛወዘ። ሕንጻው ምንም አልሆነም። እኔ ታይፔ ብሄድ መስኮቱን ትቼ መጀመሪያ የማየው ኳሱን ነው።

ጉልበት ሲከዳ

አንዳንድ ሰው ወደ መስታወቱ ሲጠጋ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ያዞረዋል። ይህን ፈሪነት ብሎ የሚያላግጥ ሰው ስለ ሰውነታችን አሠራር የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቆመን ሳለን ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ እንወዛወዛለን። መወዛወዛችንን አውቀን የምናርመው በሦስት ነገር ነው፦ በዓይን፣ በውስጥ ጆሮ፣ እና በእግር ጡንቻ ስሜት። ዓይን ሥራውን የሚሠራው ቅርብ ያሉ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ በማየት ነው። ግድግዳው ሁለት ሜትር ላይ ከሆነ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብትንቀሳቀሱ ዓይናችሁ ያውቃል። በጣም ቅርቡ ነገር 300 ሜትር ታች ሲሆን ግን ዓይን ምንም አያውቅም። ጆሮና እግር “እየተንቀሳቀስን ነው” ይላሉ፤ ዓይን “ቆመናል” ይላል። ራስ ማዞሩ ከዚህ አለመግባባት ይመጣል።

ስለዚህ መድኃኒቱም ቀላል ነው። ቅርብ የሆነ ነገር ዓይናችሁ ውስጥ ይግባ፤ ምሰሶ፣ የእጅ መደገፊያ፣ አጠገባችሁ የቆመ ሰው። ቀጥታ ወደ ታች ከማየት ይልቅ መጀመሪያ ሩቁን እዩ። የሚሄድ ደመና ላይ አታፍጥጡ። መደገፍ ይረዳል፤ መቀመጥ ደግሞ ከሁሉም ይረዳል። አንድ ሜትር ወደ ኋላ ብትሉ የሚጎድልባችሁ ዕይታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ባልንጀራችሁ ካልፈለገ ደግሞ እጁን አትጎትቱት።

የመስታወት ወለሉ የተለየ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ኤሊኖር ጊብሰንና ሪቻርድ ዎክ የተባሉ ተመራማሪዎች ገና የሚድሁ 36 ሕፃናትን፣ አንዱ ጎኑ ከሥሩ ጥልቅ በሚመስል የመስታወት ጠረጴዛ መሐል ላይ አስቀመጡ። እናቶቻቸው ከማዶ ጠሯቸው። ከቦታቸው የተንቀሳቀሱት 27ቱ ሲሆኑ ጥልቅ በሚመስለው በኩል የሄዱት 3ቱ ብቻ ናቸው። መስታወቱ እንደሚይዛቸው በእጃቸው እየዳሰሱት እንኳ ዓይናቸውን አመኑ። እናንተም ቶሮንቶ ሲኤን ታወር ላይ 342 ሜትር ከፍታ ያለው የመስታወት ወለል ላይ ስትቆሙ የሚይዛችሁ ያው ስሜት ነው። መሐንዲሱን ብታምኑም እግራችሁ አያምንም።

መስታወቱ ግን አንድ ወጥ አይደለም። በርካታ ንብርብሮች በመካከላቸው ባለ ግልጽ ፕላስቲክ ተጣብቀው ነው። አንዱ ቢሰነጠቅ ሌሎቹ ይሸከማሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ቺካጎ ዊሊስ ታወር 103ኛ ፎቅ ላይ ካለው የመስታወት ሳጥን አንዱ ጎብኚዎች ቆመውበት ሳለ ተሰነጠቀ። ሰዎቹ ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። የተሰነጠቀው ግን ከላይ መስታወቱን ከጭረት ለመከላከል የተደረገው ስስ ሽፋን እንጂ ክብደት የሚሸከመው መስታወት አልነበረም።

ስለ ፎቶ ባጭሩ። ስልካችሁን መስታወቱ ላይ ለጥፉት፤ ነጸብራቁ የሚገባበት ክፍተት እንዳይኖር። ፍላሹን አጥፉ። ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝ መስታወቱ ላይ አንጸባርቆ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ምርጡ ደቂቃ ጀምበሯ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ገና ጥቁር ሳይሆን መብራቱ ሲበራ ነው። ክፍት ሰገነት ከሆነ ደግሞ ጃኬት ያዙ። 400 ሜትር ላይ ሙቀቱ ከታች በ2 ወይም 3 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ነፋሱ ግን ከዚያ በላይ ያበርዳል። መሬት ላይ ነፋሱን የሚያዘገዩት ዛፍና ቤቶች እዚያ የሉም።

ስትወርዱ

አሁን ጆሮው። ከታምቡሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ ክፍል አየር የምታገኘው ከጉሮሮ ጋር በሚያገናኛት ቀጭን ቱቦ ነው። ወደ ላይ ስትወጡ የውጭው ግፊት ይቀንሳል፤ 400 ሜትር ላይ 5 በመቶ ገደማ። በክፍሏ ውስጥ የቀረው አየር ይለጠጥና ቱቦውን ራሱ ገፍቶ ይወጣል። ጠቅ ይላል፤ አለቀ። ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። የውጭው ግፊት ይበልጣል፤ ለስላሳውን ቱቦ ጨፍልቆ ይዘጋዋል። በራሱ አይከፈትም። የሚከፍቱት ስንውጥና ስናዛጋ የሚሠሩት ጡንቻዎች ናቸው።

የታይፔ 101 አሳንሰር ሲወጣ በሰከንድ 16.8 ሜትር ሄዶ ሲወርድ 10 ሜትር ብቻ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ውስጡ የአየር ግፊት የሚያስተካክል መሣሪያም አለው። ሁሉም ሕንጻ ግን ይህ የለውም። ጉንፋን ከያዛችሁ ቱቦው አስቀድሞ አብጧልና መውረዱ ሊያም ይችላል፤ ቀኑን መቀየር ከቻላችሁ ቀይሩት። ሕፃን ከያዛችሁ ጡጦ ወይም ጡት የምትሰጡት ስትወጡ ሳይሆን አሳንሰሩ ወደ ታች ሲነሳ ነው። እናንተም በሩ እንደተዘጋ መዋጥ ጀምሩ። ጆሯችሁ እስኪደፈን አትጠብቁ።